ቀልድ የሌለበት ገጽ

በዚህ ዓለም ላይ ሰው የማይተዳደርበት ሥራ የለም። አንዱ ሰዓት ይጠግናል፣ አንዱ ጥርስ ይነቅላል፤ የሚጡ እናት ደግሞ ትስቃለች። የምሬን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያው ትልቁ ስቱዲዮ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጥግ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ኖራለች። ሥራዋ ማስጀመር ነው። ቀልዱ ከመድረክ ሲወረወር ተመልካቹ "ልሳቅ ወይስ ልተወው" እያለ ሲያመነታ እሷ ትቀድመዋለች፤ ሁለት መቶው ሰው ደግሞ ይከተላታል። ቴክኒሻኖቹ ያወጡላት ስም "ሞተሯ" ነው። ሞተሯ ካልመጣች ቀረጻ አይጀመርም።

ሳቆቿ ዓይነት ዓይነት አላቸው። ለቀላል ቀልድ የምትለቃት አጭር አለች። ከወንበር ለሚወድቅ ሰው የምትሆን ረጅም አለች። "ኧረ ተዉኝ፣ ኧረ ተዉኝ" እያለች እጇን የምታወናጭፍባት ደግሞ ለመጨረሻው ትዕይንት ትቀመጣለች። አንዷም ከሆዷ የመጣች አይደለችም። ሙያ ናት። አናጢ ጠረጴዛ ባየ ቁጥር ልቡ አይመታም፤ እሷም እንደዚያው ናት።

የእውነት ሳቋማ ሌላ ነው። የእውነት ሲያስቃት ድምፅ የላትም። አፏ ይከፈታል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ትንፍሽ ግን የለም። ልጇ ሚጡ መጀመሪያ ያየች ቀን የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቴ ታንቃ ልትሞትብኝ ነው ብላ እያለቀሰች ጎረቤት ሮጣለች። በሳቅ የምትተዳደር ሴት የእውነት ሳቋ ለሥራዋ የማይረባ ሆኖ አረፈው! ምን ይደረጋል፣ ሲፈጥራት እንዲህ ነው።

ሚጡ አሁን ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል። "ሚጡ" የቤት ስሟ ነው፤ እናቷ ከዚህ ሌላ ጠርታት አታውቅም። እዚያው ጣቢያ የቀልድ ጸሐፊ ሆናለች። እናቷ ናት ያስገባቻት የሚሉ ነበሩ፤ ነጭ ውሸት ነው። በራሷ ጭንቅላት ነው የገባችው። ጭንቅላት ደግሞ አላት፤ እናቷን ያስጨነቃትም ይኸው ጭንቅላት ነው። የመጀመሪያ ፕሮግራሟ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ባለ የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ ነው የሚካሄደው፤ አንድ ሠራተኛና አንድ የጥበቃ ሰው፣ በየሳምንቱ ደግሞ ዕቃ የጠፋባቸው ሰዎች። በንባብ ልምምዱ ቀን አለቆች ሁሉ ተሰብስበው ሰሙት። አንዱም ጥርሱን አላሳየም።

ሰኞ ዕለት የፕሮግራም ኃላፊው ሚጡን ቢሮው አስጠራት። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጆሮዋን አልደፈነችም።

"ጎበዝ ነሽ" ይላታል ኃላፊው። "ችግርሽም ጎበዝነትሽ ነው። ቀልድ እኮ ከመንገድ የመጣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ዘው የሚልበት ቤት ነው። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትፈትኚዋለሽ።"

"አልፈትነውም። ያስባል ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ያስባል። ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ውሎ ነው ቤቱ የገባው። ደክሞታል። ትንሽ ይረፍ በይው እንጂ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከወንበር የሚወድቅ ሰውዬ ስናሳየው አረፈ? አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ሰጥተነው አይተናል?"

"ወንበሩ አሳፍሮኝ አያውቅም" አለ ኃላፊው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቁርጡን ነገራት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሰው ስቱዲዮ ይገባል። ሰዉ ከሳቀ ፕሮግራሟ በየሳምንቱ ይቀጥላል። ካልሳቀ ሰዓቱ "ባልና ሚስት" ለሚባለው ድራማ ይሰጣል። እሱ ባልየው በየክፍሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ከወንበር የሚወድቅበት ነው።

እናትየው እውነቷን ለመናገር ለሁለቱም ነበር የፈረደችው። የሚወድቅ ሰውዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስቅ በዓይኗ አይታለች፤ አንድም ቀን አልከሸፈም። ግን ደግሞ ልጇ ሰዉን እንደ ሞኝ አለማየቷ ደስ ይላታል። ኩራትም ቢጤ አለበት።

ሚጡ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ስትወጣ ኃላፊው እናትየውን ወደ ጎን ጠራትና አንድ ጥራዝ ወረቀት እጇ ላይ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ላብ ላብ ብሎታል።

"የቅዳሜው ጽሑፍ ነው፣ እትዬ። የሚሳቅበትን ቦታ ቦታ አይተው ይያዙት። እኔም ልጅቷን ማጣት አልፈልግም። ጉሮሮዎን አደራ።"

የዚያን ዕለት እራት በልተው ዕቃ ሲያጥቡ፣ እናት ታጥባለች፣ ልጅ ታደርቃለች፤ ሚጡ የእናቷ ቦርሳ አፉን ከፍቶ ጽሑፉ ብቅ ማለቱን አየች።

"ሊያስቁሽ ነው አይደል?"

"ሥራዬ አይደል እንዴ?"

"እማዬ፣ ሥራሽን እኔ ላይ አትሥሪብኝ።" ሳህኑን እንደያዘች ዞረች። "ካሳቅሁሽ የእውነትሽን ሳቂ። ካላሳቅሁሽ ዝም በይ።"

"ዝም ብልማ ፕሮግራምሽ ገደል ገባ።"

"ይግባ። በሥራ ሳቅሽ ካለፍኩ፣ አስቂኝ ልሁን አልሁን ዕድሜ ልኬን አላውቅም። ሌላው ሰው ቢዋሸኝ ግዴለም፣ አንቺ አትዋሺኝ። ቃል ግቢልኝ።"

እናት ቃል ገባች። የገባችው ግን ተቀይማ ነው። "የሥራ ሳቅሽ" የምትለዋ ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። በዚህ የሥራ ሳቅ አይደለም እንዴ ይቺ ልጅ ለቁም ነገር የበቃችው? ሁለቱም ተኳርፈው ተኙ፤ በማግስቱም ሚጡ ጠዋት ወጥታ ስትሄድ "ደህና ዋይ" አልተባባሉም።

ቃል ቃል ነው፤ አትዋሽም። ግን የእውነት መሳቅን ማን ከለከላት? እንግዲህ የእውነት ለመሳቅ መጀመሪያ ቀልዱ ሊገባት ይገባል። ጽሑፉን አወጣችና መነጽሯን አድርጋ ጀመረች። ቀልድ የሚመስል ነገር አገኘች፤ አንድ ሰውዬ የጠፉበትን ዕቃዎች ዝርዝር ጠፋብኝ ብሎ ይመጣል። ሠራተኛው "ዝርዝሩ ላይ ምን ነበር?" ይለዋል። "አንደኛው ዝርዝሩ ራሱ ነው፤ ከዚህ በፊትም ጠፍቶብኝ ያውቃል" ይላል ሰውዬው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰውዬው አሳዘናት። ጥራዙን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጎረቤት ሄደች።

ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ የማይችሉ ሰው። አርባ ዓመት ለስልሳ ተማሪ ሲናገሩ ኖረው፣ አሁን ለአንድ ሰውም ቢሆን የሚናገሩት ለስልሳው ነው። ከዚህ ቤት ጋር ያላቸው ዝምድና የቆየ ነው። ሚጡ ትንሽ ሳለች እናቷ ቅዳሜ ከቀረጻ ስትመለስ ጉሮሮዋ ይዘጋ ነበር፤ ሐኪም እስከ እሑድ እንዳትናገር አዟት ነበር። በእጅ ምልክት እንዳትናገር፣ ልጅቷ ያልገባት እየመሰለች ታሾፍባታለች። ስለዚህ ትጽፋለች። ልጅቷ ደግሞ ገና ማንበብ አልጀመረችም። ወረቀቷን ይዛ ቱር ትልና መምህሩ በር ላይ ትቆማለች፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው የፈተና ውጤት እንደሚናገሩ ሆነው ያነቡላታል። "'እግርሽን ታጥበሽ ተኚ። ሦስቴ ጻፍኩልሽ። በቁሜ ልትገድይኝ ነው' ይላል።"

"ውሃው ቀዝቃዛ ነው በሏት" ትላለች ሚጡ።

መምህሩ መልሱን ከሥር ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይልካሉ። ልብ በሉ፤ የእናትየው ጉሮሮ እንጂ ጆሮዋ አልታመመም። ልጅቷ በአፏ ብትነግራት ትሰማ ነበር። መምህሩ ግን ጽሑፍ የሚመለሰው በጽሑፍ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ከየወረቀቱ መጨረሻ ለሳቸው የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፤ "ግንባሯን ይሳሙልኝ" የምትል። ተቆጥታ ሳለ ራሷ መሳም ለእናትየው መሸነፍ ነው፤ ልጇ ሳትሳም እንድትተኛ ደግሞ አንጀቷ አይችልም። መምህሩም ያቺንም ጮክ ብለው ያነቧትና፣ ጎንበስ ብለው ማኅተም እንደሚመታ ሰው ግንባሯን ይስማሉ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የቀልዱን ጥራዝ የተቀበሉት።

"ሚጡዬ ናት የጻፈችው?" አሉ። "ተይው እኔ ጋ።"

በማግስቱ ስትመለስ ጽሑፉ በቀይ ብዕር ተሰምሮበታል፤ ቀልዶቹም ተቆጥረው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አርባ አንድ ናቸው። ትንሿ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አስተማሯት። የዝርዝሩ ሰውዬ ቁጥር አራት ነው።

"ስሚኝ ጎረቤት። ይህ ኩባያ ዝርዝሩ ነው እንበል። ይህ ማንኪያ ጃንጥላው ነው፣ ኩባያው ውስጥ ገባ። አሁን ኩባያው ራሱ ኩባያው ውስጥ ይገባል ወይ? አይገባም። ሰውዬው ግን አስገብቶታል። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ ጋሼ። ግን ምኑ ነው የሚያስቀው?"

መምህሩ ኩባያውን አዩት። "እሱ በኔ ትምህርት ውስጥ የለም" አሉ።

ቁጥር ሠላሳ ሦስት ላይ ሠራተኛው ገና ላልጠፉ ዕቃዎች ያዘጋጀው ባዶ መደርደሪያ አለ፤ አንድ ደንበኛ መጥቶ ለጃንጥላው ከወዲሁ ቦታ ያስይዛል። እናትየው ይሄማ ወዲያው ገባት፤ አርቆ አሳቢ ሰው ነው ብላ አደነቀችው። መምህሩ በዚህ ተናደው እንደገና ከሥሩ አስረዷት። ሁሉንም እንዲህ እንዲህ እያሉ አዳረሱት። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ግን መምህሩ ገጹን ገልበጥ አደረጉት። ጥጉ ላይ በቀይ "ቀልድ የለም" ተብሎ ተጽፏል።

"እዚህ ምንም የለም። ሰዎች በአግባቡ ጽሑፍ ይለዋወጣሉ፤ በቃ፣ መልእክት ማድረስ ነው። እንለፈው።"

አለፉት። እሷም አላነበበችው።

ዓርብ ማታ አርባ አንዱን በቃሏ ይዛ ነበር። ቁጥር ሲጠሩላት ምክንያቱን ትናገራለች። ሳህን ስታጥብ ለራሷ እየደጋገመች ልትስቅ ሞከረች፤ እንኳን ሳቅ ፈገግታም አልመጣም። ነገሩን ሁሉ አውቃ፣ ሳቁን አጠፋችው። ከዚያ በር ላይ ሚጡን አገኘቻትና፣ የሰኞው ኩርፊያ ገና ስላልወጣላት፣ "ነገ ምን ትለብሻለሽ?" ብቻ አለቻት። ሚጡም "ያንኑ ሰማያዊውን" ብላ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ሞላ። እናትየው ሦስተኛው ረድፍ፣ ወንበሯ ላይ ናት። መምህሩ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ እሷ ናት የጋበዘቻቸው፤ ጥራዙን ይዘው፣ ቀይ ብዕራቸውንም ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው መጥተዋል። ሚጡ ከላይ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ናት፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሰማያዊዋ ትታያለች። ኃላፊው መድረኩ ጎን ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

ቁጥር አንድ አለፈ። ቁጥር ሁለት አለፈ። ሰው ይመለከታል፣ አይስቅም። የዝርዝሩ ሰውዬ ሲመጣ ከኋላ አንድ ወጣት "ህ" አለና ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አፈረ። እናትየው እያንዳንዷን ታውቃታለች፤ "አሥራ አንድ" ትላለች በልቧ፣ "አሥራ ሁለት"፤ ፈተና ላይ እንደተቀመጠች ጎበዝ ተማሪ ምክንያቱን በሙሉ ትመልሳለች። ምንም አያስቃትም። ወደ ስቱዲዮው ደጋግመው የሚመጡ ሰዎች አንገታቸውን እያዞሩ ያዩዋት ጀመር። "ሞተሯ ምን ሆነች?" ዓይነት ነው። ኃላፊውም ከጎን ሆኖ እጁን ያሽከረክርላታል፤ ጀምሪ እንጂ ነው።

ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ቻይነቷ አለቀ። እውነቱን እንናገር፤ ማን ይፈርድባታል? ልጇ ላይ ጣሪያው ሲወርድ እያየች፣ ጣሪያውን የሚያቆመው ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ አለ። አየር ሳበች። ረጅሟን ልትለቅ አፏን ከፈተች። ቀና ስትል ከመስታወቱ ጀርባ ሚጡ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በቀጥታ እሷን ታያለች። መድረኩን አይደለም፣ እሷን። እናትየው የሳበችውን አየር ቀስ ብላ በአፍንጫዋ አስወጣችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚህ የከበደ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ከዚያ ገጽ አሥራ ዘጠኝ መጣ።

አንዲት ሴትዮ ቢሮው ትገባለች። ጉሮሮዋ በሻርፕ ተጠምጥሟል፤ ሐኪም እንዳትናገር አዟታል። ወረቀት አውጥታ ጽፋ ለሠራተኛው ትሰጠዋለች። ሠራተኛው መነጽሩን አያገኘውም። የጠፉ መነጽሮች ሣጥን ያወጣና አንድ በአንድ ይለካል፤ አንዱ የሕፃን ነው፣ አንዱ ጥቁር ነው። አልሆነም። ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ወዳለው የጥበቃ ሰው ሄደ። የጥበቃ ሰው ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፏል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"'ቦርሳዬ ቡናማ ነው' ይላል።"

"ምን ዓይነት ቡናማ? በላት" አለ ሠራተኛው።

ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ትሰማለች። የጥበቃ ሰው ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ምን ዓይነት ቡናማ" ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ ፈረመ፣ ወስዶ ሰጣት።

እናትየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያው ነገር ትከሻዋ ላይ ተሰማት። "አይ" አለች በልቧ። "አይ ሚጡ። አይ አንቺ ልጅ።" ያቺ ቱር ቱር የምትል ትንሽ ልጅ፣ ወረቀት ጨብጣ፣ እግሯ በአቧራ ነጥቶ፣ ሁሉንም ይዛው ኖራለች ለካ። ሴትዮዋ እየተቆጣች ትጽፋለች፤ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ይመጣል፤ የጥበቃ ሰው ቁጣውን ሁሉ በዚያችው የፈተና ውጤት ድምፅ ያነበዋል። "'በቁሜ ልትገድሉኝ ነው' ይላል።" እናትየው አፏ ተከፈተ። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ድምፅ የለም። አሁን አሁን የሥራ ሳቋን በወርቅ ቢጠይቋት ማምጣት አትችልም። ኃላፊው አያትና የምታለቅስ መስሎት "አለቀልን" ብሎ ክንዱን ፈታ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ወረቀቱን የምትቀደው እስክትመስል ድረስ ጻፈችና ሰጠች። የጥበቃ ሰው መነጽሩን አስተካከለ።

"'ቦርሳው ይቅርብኝ። አንተ ሰውዬ ደንቆሮ ነህ። ይህን የሚያነብልህም ካንተ አይሻልም' ይላል።"

ወረቀቱን አየው። መልሶ አየው። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ ከሥሩ ፈረመ።

በዚያ ጸጥታ መሐል፣ ለስልሳ ሰው በሚናገሩበት ድምፃቸው፣ መምህሩ፣ "ጎረቤት፣ እኔ ነኝ እንዴ?" አሉ።

ሁለት መቶ ሰው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። ያየው ሸሚዛቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ሽማግሌና፣ አጠገባቸው ድምፅ አጥታ፣ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አዎ፣ አዎ" እያለች ራሷን የምትነቀንቅ ሴት ነው። መድረኩ ላይ ያለው ተዋናይ ደግሞ፣ ጎበዝ ነው፣ ወረቀቱን ወደ መምህሩ ከፍ አድርጎ "ደርሶናል" አላቸው። ስቱዲዮው ፈነዳ። ማንም ያስጀመረው ሳቅ አይደለም፤ ከዚህም ከዚያም፣ ወጣ ገባ እያለ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየጀመረ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ "የኔም እናት፣ የኔም እናት" እያለች ባሏን ትመታዋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰዉ አንዴ ቤቱ ገብቷል። የባዶው መደርደሪያ ነገር ሲመጣ ሳቀ፤ ከኋላ አንዱ ለሚስቱ ሊያስረዳ ሲሞክር "ገብቶኛል፣ ዝም በል" አለችው። የዝርዝሩ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ገና አፉን ሳይከፍት ተሳቀለት። መምህሩ ብዕራቸውን አውጥተው ቁጥር አራት ላይ ምልክት አደረጉ።

መብራት ሲበራ ኃላፊው መጣ። "እትዬ፣ አንዴም አልሳቁልኝ" አላት፣ ግን ፊቱ በርቷል። ወደ መምህሩ ዞረ። "እርስዎስ፣ አባት፣ በየሳምንቱ መምጣት ይችላሉ?"

"ቅዳሜ ነፃ ነኝ" አሉ መምህሩ።

"እንግዲያው በየሳምንቱ ይምጡ። ፕሮግራሙ ይቀጥላል።"

ሚጡ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ፊት ስትደርስ ቆመች፤ የሳምንቱ ኩርፊያ መሐላቸው ነው፤ ማን ይጀምር?

"እማዬ፣ በካሜራ አየሁሽ" አለች። "ድምፅ አልነበረሽም።"

እናትየው ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ወረቀቱ ጉልበት ላይ ሲዘረጋ ትዝ አላትና እንደገና ትከሻዋ ተነሳ። አልሆነም። ከመምህሩ ኪስ ቀዩን ብዕር መዘዘች፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝን ከጥራዙ ገንጥላ በጀርባው ላይ ጻፈች፣ ለልጇ ሰጠቻት።

ሚጡ ወረቀቱን አየችው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ሥራዋ ነው። ግን አላነበበችውም። አጠፍ አድርጋ ለመምህሩ ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ፣ ያንብቡልኝ።"

መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕቃ የሚሰበስቡት ሠራተኞች ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ አነበቡ።

"'አርባ አንዱን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ አንዱም አላሳቀኝም፣ አልዋሽሽም። የዝርዝሩ ሰውዬ ሲመለስ ብቻ ትንሽ ነክቶኛል። ሌሎቹንም ቀስ ብዬ እደርስባቸዋለሁ፤ ታገሺኝ። ይህቺ ግን ገደለችኝ። አስቂኝ ነሽ' ይላል።" ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "'ግንባሯን ይሳሙልኝ' ይላል።"

ሚጡ አሁን በቁመት ትበልጣቸዋለች። ጎንበስ አለችላቸው። መምህሩም ማኅተም እንደሚመታ ሰው ግንባሯን ሳሙ።

"ምን ብዬ ልመልስ?" አሏት።

ሚጡ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነው በሏት" አለች።

እናትየው እዚያው አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መምህሩ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ቃል በቃል ጻፉት፣ ከሥሩ ፈረሙና ሰጧት።